የትንሿ ስፒከር ልጓም

ሰኞ 4

ለመላው ቤተሰብ፣ ለጎረቤትና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ፦ የሳሎኑ ትልቁ ሶፋ ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ ከግድግዳው ተነስቶ አንድ እርምጃ ወደ መሃል መዛወሩን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሶፋው በቀድሞ ቦታው ላበረከተው የረጅም ዘመን አገልግሎት ምስጋና ይገባዋል። በአዲሱ ቦታው መልካም የሥራ ዘመን እንዲሆንለት እንመኛለን። ቅሬታ ያለው ለአባወራው በአካል ቀርቦ ማመልከት ይችላል። አባወራው ቅሬታ አይቀበልም።

ሌላው ዜና ያን ያህል አይደለም። ባለቤቴ እንዳትናገር ተከልክላለች።

ድምፅዋ ከሻከረ ወራት ሆኖታል። ብርድ ነው ስንል፣ አቧራ ነው ስንል ከረምን። ዛሬ የጉሮሮ ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ነገር አስገብቶ አየላት። አካፋ የሚይዝ ሰው መዳፉ ላይ እንደሚያወጣው ዓይነት ጠጠር ያለ ነገር የድምፅዋ ጅማቶች ላይ ወጥቷል አለ። ለሦስት ሳምንት ቃል እንዳይወጣት። ሹክሹክታም ቢሆን። በእረፍት ካልሟሟ ቢላ ነው፤ ከቢላው በኋላ ደግሞ ድምፅዋ እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ አልምልም አለ። ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ቃሉን የማይውጥ ጨዋ ሰው ነው።

«እማማ፣ የሚያስጮህ ሥራ አለዎት እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

እሷ እኔን አየችኝ። መልስልኝ ማለቷ ነው ብዬ፣ «አስተማሪ ነበረች፣ ጡረታ ወጥታለች። ያ ሁሉ ተማሪ ነው አሁን በጉሮሮዋ የወጣው» አልኩት።

«ከጡረታ በኋላስ? ቤት ውስጥ የሚጮሁለት ሰው አለ?»

አብራን የመጣችው ልጄ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ እየፈለገች የሆነ ነገር አለች። አልሰማኋትም። ልጄ ከሰው ይልቅ ከቦርሳዋ ጋር ማውራት ትወዳለች። ሐኪሙ ግን ሰማትና እኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

በታክሲ ስንመለስ፣ «ይህን ዝምታ ስንት ዘመን ስለምነው፣ አሁን በሐኪም ማዘዣ መጣልኝ» አልኩ። የሳቀው ሹፌሩ ብቻ ነው።

ረቡዕ 6

መናገር የተከለከለ ሰው ቢያንስ የሚያዳምጠው ያስፈልገዋል። ስለዚህ የጀመርኳቸውን ስፒከሮች በዚህ ወር እጨርሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሬድዮና የቴፕ ጠጋኝ ነበርኩ፤ የሰው ሁሉ ቤት ሲዘፍን የእኔ ቤት ግን አንድ ጎኑ በማይሠራ ቴፕ ነው ያረጀው። የባለቤቴ ካሴቶች በካርቶን ታሽገው አልጋ ስር ተቀምጠዋል። ከእንግዲህ በደንብ ትሰማቸዋለች።

ሳጥኖቹን ከኮምፔንሳቶ ቆርጬ ከገጠምኩ ቆየሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ስፒከር አለ፦ ትልቁ ለወፍራሙ ድምፅ፣ ትንሿ ለቀጭኑ። በመሃላቸው ድምፁን የምትከፍል ሰሌዳ አለች፤ ወፍራሙን ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሿ ታድላለች። በሙያው ክሮስኦቨር ትባላለች። እኔ ዳኛዋ እላታለሁ።

መክፈል ብቻውን አይበቃም። ትንሿ በተፈጥሮዋ ጯኺ ናት፤ ከትልቁ ጋር እኩል ኤሌክትሪክ ብትቀበልም ድምፅዋ እጥፍ ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለፈረስ ልጓም እንደሚደረገው ከፊቷ ሬዚስተር ይደረግባታል። ልጓሙ ሲከብድ ትታፈናለች። ሲቀል ጥርስ ታፋጫለች። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳስረዳት ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረችና አፏን በእጇ ከደነች። ልጓሙ ለአንተም ቢገባልህ ማለቷ ነው። አፏ ተዘግቶም ትሰድበኛለች።

ሐሙስ 7

ዝናብ። ኮላው አልደርቅ አለ። ዳኛዋን በየድኩ። የስፒከር አሠራር መጽሐፉ ያለውን ሬዚስተር አስገባሁ። የመጀመሪያው ካሴት። ዘፋኟ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምትዘፍን ትመስላለች። ስሌቱ ልክ አይደለም። መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ጆሮ የላቸውም። ልጓሙን አንድ ደረጃ አቀለልኩት። ባለቤቴ አውራ ጣቷን አነሳችልኝ። በሚቀጥለው እንደገና አቀልለዋለሁ።

እሁድ 10

ከባለቤቴ ጋር እንዲህ ተስማምተን አናውቅም። ሻይ ስትፈልግ ጣቷን ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ታጥፋለች። መስኮቱ ይዘጋ ስትል አየሩን ትገፋለች። ስትናደድ ዓይኗ ይበቃል። ያለፈው ዓመት በሙሉ ጭቅጭቅ ነበር፤ እሷ «ስንቴ ልንገርህ» ትላለች፣ እኔ «መቼ ነገርሽኝ» እላለሁ፣ እሷ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ «ምን ያስጮህሻል» እላለሁ። አሁን በእጅ ስናወራ ቤቱ ሰላም አገኘ።

ሌላው ዓለም ግን እያረጀ ነው። ጓሮ ያለው ዛፍ ላይ ይንጫጩ የነበሩት ወፎች ሰፈር ቀይረዋል። ልጄ የገዛችው ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ያፏጫል ተብሎ ነበር፤ አያፏጭም፣ ዝም ብሎ እንፋሎት ይተፋል። የበሩ ደወልም ተበላሽቶ ነው መሰለኝ፣ መብራት አሠርታበታለች፤ ሰው ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ አምፖል ብልጭ ይላል።

«ሙያተኛ አባት እያለሽ ለምን ደወሉን አላሳየሽኝም?» ብላት፣ «ይኼ ይሻላል አባዬ» አለችኝ፣ ፊቴ ድረስ መጥታ። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሲያናግረኝ ፊቴ ድረስ መምጣት ለምዷል። መልኬ በስተርጅና ሳይጨምር አይቀርም።

የልጅ ልጄን ፌንጣ ነው የምላት፤ አንድ ቦታ ረግታ አትቀመጥም። እሷማ ቃል መዋጥ የዘመኑ ፋሽን ሆኖባታል። ዓረፍተ ነገሩን ትጀምርና መጨረሻውን ትበላዋለች። እኔ የተረፈውን ለቅሜ እገጣጥማለሁ። ትናንት «አባባ፣ ፈተናው…» ብላ ጀመረች፤ አልፋለች ብዬ ሳምኳት። ወድቃ ኖሯል። መሳሙም አይጎዳት።

ደክሞኛል። ምን እንዳደከመኝ አላውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። እንግዳ ሲኖር ይብስብኛል። ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲያወራ እያንዳንዱን ቃል ከጭቃ ውስጥ የማወጣው ይመስለኛል፤ ሲሄዱ ጆንያ የተሸከምኩ ያህል ትከሻዬ ይዝላል። ሰዎች ሲስቁ እስቃለሁ። ምን እንደሳቅን በኋላ ባለቤቴ ትነግረኝ ነበር። አሁን እሷም አትነግረኝም።

ማክሰኞ 12

አምፖሉ ብልጭ አለ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ነው፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ክር ጢሙ ላይ። የስፌት መኪናው ሲጮህበት ስለሚውል ሲያወራ አገር ይሰማዋል። ከእሱ ጋር ማውራት ደስ ይላል።

«ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው ይኼን ሰሞን?»

«ስፒከር።»

«እኔማ የብረት መጋዝ መስሎኝ። ዘፋኟ ‹ስ› ባለች ቁጥር ጥርሴን ይሰማኛል።»

«ጥርስህን ታየዋ።»

«ታይቻለሁ፣ ደህና ነው። ትናንት ደንበኛ የሱሪ ጠርዝ እየያዝኩለት እሷ ከላይ ‹ስ› ስትል ደንግጬ በስፒል ወጋሁት።»

«ሰውዬው ምን አለ?»

«እሱም ‹ስ› አለ።»

ሳቅን። ባለቤቴም ሳቀች፣ አፏን ይዛ፤ መሳቅም ተከልክላለች። ሲወጣ ልብስ ሰፊው ወደ እሷ ዘወር ብሎ ትከሻውን ሰበቀ። እሷም ሰበቀች። የሆነ ነገር የተባባሉ ይመስላል። ሰው ጥሩ መሣሪያ ሲሠራ ምቀኛ ቢያጣ ነው የሚገርመው።

ልጓሙን ሌላ ደረጃ አቀለልኩት።

ዓርብ 15

ዛሬ ጨከንኩ። ልጓሙን ጭራሽ አወጣሁት፤ ሽቦው ቀጥታ ከዳኛዋ ወደ ትንሿ። መጽሐፉ እንዲህ ያደረገ ሰው ጤነኛ አይደለም ይላል፣ ባጭሩ። ግን ሰማኋት። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ፣ ከንፈሯ ሲላቀቅ፣ ከበስተኋላ የምትንሿሿዋን ብረት፣ ሁሉን ሰማሁ፤ ከሩቅ፣ ግን ሰማሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ቆሜ ነው የሰማሁት።

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። እጇ ጉልበቷን ጨብጧል። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዴት ነው?» አልኳት። አውራ ጣቷን አነሳች። ካሴቱን ገልብጬ ሁለተኛውን ጎን ከፈትኩላት።

እንግዲህ ሙዚቃ ማለት ይኼ ነው። ሰው ያስለቅሳል።

ቅዳሜ 16

ፌንጣ ስልኳን ይዛ መጣች። ድምፅ የሚለካ ነገር አስገብታበታለች። ከስፒከሩ ፊት ዘረጋችውና መስመር መሳል ጀመረ።

«አየህ አባባ፣ ከዚህ ጋ ወፍራሙ ነው፣ ወደዚህ ስትሄድ ቀጭኑ። መስመሩ ሜዳ መሆን ነበረበት።»

«እና ይኼ ምንድነው?»

«እሱ ነው እንግዲህ። ተራራ።»

እውነቷን ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ጋ ሲደርስ መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ከስክሪኑ ሊያመልጥ ደርሷል። የትንሿ ግዛት ነው።

«ስልክሽ ተበላሽቷል።»

«እሺ አባባ።»

«እኔ ከዚህ ስልክ በፊት ነው ጆሮ ያወጣሁት።»

«እሺ አባባ።»

ሰሞኑን ሁሉም እሺ ይለኛል። ድሮ የሚከራከረኝ ሰው ነበር፤ ቤቱ ውስጥ የቀረ ተከራካሪ የለም። ስትወጣ እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር። ፌንጣ ለአንዴ እንኳ ቃሏን ሳትውጥ ተናገረች፦ «እኔ አልነግረውም፣ አንቺ ንገሪው።» ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩም። የእናትና የልጅ ጉዳይ ይሆናል።

ሰኞ 18

ሶፋው ላይ፣ ባለቤቴ ከምትቀመጥበት ትራስ ስር፣ ጥጥ አገኘሁ። ሁለት ትናንሽ ድቡልቡል፣ በጣት የተጠቀለሉ።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። ባለቤቴ የጥፍር ቀለም ተቀብታ አታውቅም።

እንደነበሩ አድርጌ መለስኳቸው።

ረቡዕ 20

ዝናብ። አልሠራሁም። ባለቤቴ ወደ ቴፑ ጠቆመች፣ ክፈትልኝ እንጂ ብላ። እጇ ትራሱ ስር ነበር። ደክሞኛል አልኳት። እሷም ደክሟት ኖሯል መሰለኝ፣ እንደተቀመጠች አንቀላፋች።

እሁድ 24

ልጄ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር። ሁሉም በልተው ተጨዋወቱ፣ ከባለቤቴ በቀር። እኔም መሃላቸው ሆኜ ፊታቸውን እያየሁ ሳቅኩ። አንዴ የሳቅኩት ያለ ቦታው ነው መሰለኝ ሁሉም ዝም አሉ። ልጄ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዋ እያወራች ነበር፤ ታሞ ነው መሰለኝ። ወይም ሞቶ። ቀልድ አስመስዬ ላልፈው ሞከርኩ። «ይቅርታ፣ የራሴ ቀልድ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩ። አላለፈም።

ከሄዱ በኋላ የሐኪሙ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ቤት ውስጥ የሚጮሁለት ሰው አለ? ምርመራ ልክፈት ብዬ ተቀመጥኩ። አንደኛ ተጠርጣሪ ልብስ ሰፊው፤ እሱ ከታች ነው የሚኖረው፣ ባለቤቴ ከእሱ ጋር ጉዳይ የላትም። ሁለተኛ ፌንጣ፤ እሷ ጆሮዋ ቁንጫ ሲዘል ይሰማል፣ መጮህ አያስፈልጋትም። ሦስተኛ ልጄ፤ የምትመጣው ሲመቻት ነው። ድመት የለንም። ሠራተኛ የለንም።

ከዚህ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚቀር ሰው የለም ማለት ይቻላል።

እንቅልፌ መጣ።

ማክሰኞ 26

ልጄ እናቷን ለምርመራ ወሰደቻት። እኔ ዝናቡን ፈርቼ ቀረሁ። ዝናቡን ነው የፈራሁት። ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። «እህስ?» አልኩ። ልጄ ጃንጥላውን እያራገፈች ረጅም ነገር ነገረችኝ፣ መጨረሻ ላይ አውራ ጣቷን አነሳች። ደህና ነው ማለት ነው። እልል።

መናገሩ ግን ገና አልተፈቀደላትም መሰለኝ፤ ከገባች ጀምሮ ቃል አልወጣትም። ሻይ ቀዳሁላት። ከንፈሯን አነቃነቀች። ምስጋና ነው።

ሐሙስ 28

ሴራ ደርሼበታለሁ። ውሃ ልጠጣ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ባለቤቴና ፌንጣ ሽንኩርት እየላጡ ቆመዋል። ባለቤቴ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ የለም። ፌንጣ ትመልሳለች፤ ድምፅ የለም። ከዚያ ፌንጣ በሳቅ ትፈርሳለች። በሩ ላይ ሲያዩኝ ዝም አሉ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔን ለማብሸቅ ነው። ስንት ዘመን ሲያሾፍባቸው የኖረ ሰውዬ ላይ ሴቶቹ ተባብረው የአፍ ጨዋታ ፈጥረውበታል። ጥሩ ቀልድ ነው፣ አልክድም። ከእኔ ነው የተማሩት። ብድራቸውን ሳልመልስ አልቀርም።

ቅዳሜ 30

መለስኩ። እራት ላይ ሁሉም እያሉ ተነስቼ ንግግር አደረግኩ፣ ያለ ድምፅ። ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ፣ እጄን አወራጨሁ፣ ጠረጴዛውን መታሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ወደ ባለቤቴ ሰገድኩ። እንደዚህ ያማረ ንግግር በድምፅም አድርጌ አላውቅም።

ማንም አልሳቀም። ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፌንጣ ተነስታ ፊቴ ድረስ መጣችና፣ «አባባ፣ ምን እያልክ ነው? አይሰማም እኮ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ባለቤቴ ሳህኗን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ምግቡ ቀዘቀዘ።

ሰኞ 2

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ አሳምረዋለሁ።

ከሰዓት ነው። ካሴት ከፍቼ ነበር። ባለቤቴ መጣችና ቴፑን አጥፍታ አጠገቤ ተቀመጠች። አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ይብቃሽ ይኼ ጨዋታ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ደገመችው። እኔ ከንፈሯን እያየሁ ነው፤ የራሴን ስም ብቻ ለየሁ። ከዚያ ትከሻዋ ከፍ አለ፣ ደረቷ አየር ሞላ፣ የአንገቷ ጅማት ተገተረ። ይህን አኳኋን አውቀዋለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቀን ስንቴ አይቼዋለሁ፤ ከጓዳ ስትጠራኝ፣ ስልክ ተቀበል ስትለኝ፣ እራት ቀርቧል ስትለኝ፣ ዝናብ መጣ ልብሱን አስገባ ስትለኝ። ልትጮህልኝ ነው።

አፏን በእጄ ያዝኩት።

እንዲሁ ተያየን። እጄን ከአፏ ላይ አነሳችና ወደ ታች አወረደችው፣ ጉሮሮዋ ላይ አስቀመጠችው፣ በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ ተናገረች።

ስፒከር ሕይወት ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ጣትን የሚንቀጠቀጠው የፊቱ ወረቀት ላይ ማሳረፍ የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ጆሮ ሊሳሳት ይችላል፣ ጣት አይሳሳትም። መዳፌ ስር ተንቀጠቀጠ። ቆመ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ጤነኛ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ አልሻከረም። በሙያዬ እመሰክራለሁ።

ከዚያ ጆሮዬ ጋ ተጠጋች፣ ቀስ ብላ፣ ሐኪሙ እንዳሳያት።

«ከማክሰኞ ጀምሮ እያወራሁህ ነው።»

«ምን ምን አልሽኝ?»

«ብዙ ነገር።»

«ስድብ አለበት?»

«በብዛት።»

ልጄ ማታ ስትመጣ ያን ማክሰኞ በር ላይ የነገረችኝን ደገመችልኝ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ። እብጠቱ እየጠፋ ነው። ቀስ ብላ ትናገር ተብላለች። እንደገና ካልጮኸች ቢላ የለም። ከጮኸች ይመለሳል፣ ያኔ ሐኪሙ ምንም ቃል አይገባም።

«ለማን ነው የምትጮኸው ብሎ ሲጠይቅ ምን አልሽው ያን ቀን?» አልኳት።

«ሰምተኸኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

ሐሙስ 5

የጆሮ ሐኪም። ወጣት ሴት ናት። ቁም ሳጥን የምታክል ክፍል ውስጥ ዘግታብኝ የጆሮ ማዳመጫ አደረገችልኝ፤ ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይህን ተጫን ተባልኩ። ወፍራሞቹ ላይ ደህና ተጫንኩ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። መሣሪያው የቆመ መስሎኝ በመስተዋቱ አየኋት፤ እሷ ትነካካለች። ሁለት ሦስቴ በይሉኝታ ተጫንኩላት።

ወረቀቱን ስታሳየኝ መስመሩ በሜዳ ይሄድ ይሄድና ቀጭኑ ድምፅ ጋ ሲደርስ ገደል ይገባል። ይህን ቅርጽ አይቼዋለሁ፣ ተገልብጦ። የፌንጣ ስልክ ላይ ያለው ተራራ የዚህ ገደል ልክ ነው። ስልኩ ደህና ኖሯል። ሚስቴን ሶፋ ላይ አስቀምጬ በገደሌ ጥልቀት ልክ ተራራ ስቆልልባት ከረምኩ፣ አውራ ጣቷንም እያስነሳሁ።

«ይኼ የዛሬ አይደለም፣ ዓመታት የፈጀ ነው። ቤት ውስጥ አልነገሩዎትም?» አለችኝ ሐኪሟ።

«ነግረውኝ ይሆናል» አልኳት።

ሳቂታ ልጅ ናት፣ ግን አልሳቀችም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ ታዝዟል፤ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል። እስከዚያ የቤቱ ሕግ ወጥቷል፦ እኔን የፈለገ ይመጣል፣ ትከሻዬን ይነካል፣ ወይ በእጁ ያወራኛል። ከጓዳ የሚጠራኝ ሰው ይቀጣል። ባለቤቴን ይህን አስምዬአታለሁ።

እሁድ 8

ድሮ ሱቁ እያለ ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የደንበኛ ወንበር ላይ ትቀመጥና የጠገንኩትን ሬድዮ ታዳምጥ ነበር። የመጨረሻዋን «በቃ» የምትለው እሷ ናት፣ ከዚያ ነው ክዳኑን የምገጥመው። እነዚህን ስፒከሮች ግን ስጦታ ናቸው ብዬ አልጠየቅኳትም እንጂ፣ መጀመሪያም መጠየቅ ነበረብኝ።

ዛሬ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳት። ትራሱን አነሳሁና ጥጡን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ቀና ብላ አላየችኝም። ወደ ቅርጫት ጣለችው።

እኔ ከሳጥኑ ጀርባ፣ ሬዚስተሮቹ በመስመር ተደርድረው። መጀመሪያ ትንሹን ልጓም። እጇን ወደ ታች አደረገች። ቀጣዩን። ወደ ታች። መጽሐፉ ያለው ጋ ደረስን። ትንሽ አሰበችና ጣቷን ወደ ታች ነካ አደረገች፣ ጥቂት ብቻ። ከመጽሐፉም አሳለፈችው። አስገባሁ።

ፊቷን አየሁት። ግንባሯ ተፈታ። ጀርባዋን ለሶፋው ሰጠች፤ ሶፋው ከተዛወረ ወዲህ ስትደገፍ ዛሬ ገና አየሁ። ዘፋኟ ስታዜም አብራ ከንፈሯን አነቃነቀች፣ ከዚያ ትንሽ ድምፅም ጨመረችበት መሰለኝ፤ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ነው ያየሁት። እጇን አነሳች። በቃ።

ለእኔ ዘፋኟ ከነብርድ ልብሷ ከጎረቤት ቤት ነው የምትዘፍነው። ትንፋሽ የለም፣ የምትንሿሿዋ ብረት የለችም። ለእሷ ልክ የሆነው ለእኔ ግማሽ ዝምታ ነው። በየድኩት። ሽቦውን በካቻቢቴ አጠበቅኩ፣ የኋላውን ክዳን ገጠምኩ። መሣሪያው ሲመጣ ጆሮዬ ይከተል፣ ስፒከሩ ከእንግዲህ አይነካም።

ልብስ ሰፊው ከታች መጥቶ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። «ጋሼ፣ አሁን ሰው ዘፈነ» አለ። ደክሞኛል፣ ግን የዛሬው ሌላ ዓይነት ድካም ነው።

ደብተሩን ከመክደኔ በፊት አንድ እርማት። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ የሆነ ነው፣ ደንበኛው በስፒል መወጋቱም ጭምር። አንዱ ብቻ ፈጠራ ነው። ሐሙስ ቀን፣ ሽንኩርት የላጡ ዕለት፣ እኔን ለማብሸቅ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ ብዬ አመንኩ ያልኩት። አላመንኩም። በሩ ላይ ስደርስ ባለቤቴ ቢላዋውን ይዛ ታወራለች፣ ፌንጣ አንገቷን አዘንብላ ትሰማታለች። ለቀልድ ሲሆን ሰው እንደዚያ አይሰማም። ድምፅዋ ተመልሶ ነበር፤ ያልደረሰኝ እኔ ነኝ። ይህን እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ። ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩና ቀልድ ጻፍኩ። ቅዳሜ እራት ላይ ተነስቼ ያን ሁሉ ስወራጭም፣ ከሦስቱ አንዷ ስቃ «ደረስክብን» እንድትለኝ እየጠበቅኩ ነበር።